ከበረዶ ወደ አፈር

ያለፈው ሳምንት ክፍል ያመለጣችሁ ብዙ አልቀረባችሁም፤ ደስ የሚል ነገር አልነበረበትም። ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የምታስተምረው እታገኘሁ ላቀው ግራ ጡቷን በነቀርሳ ምክንያት ተቆርጣ፣ ሐኪም ሳያሰናብታት ከሆስፒታል ወጥታ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ካለው የአባቷ ቤት ገብታለች። የሚወዳትና የምትወደው ዶክተር ዓለምነው ጎንደር ቀርቷል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ፣ ኬላው ሁሉ ተቆጥሮ፣ ለማኪና ግማሽ ቀን ነው። ለኩርፊያ ግን ልክ የለውም።

ጥር ነበር። አባቷ አያ ላቀው አውድማ ላይ ገብስ ያበራያሉ። እሷ ከገለባው ክምር ጥላ ሥር ጋቢዋን ተከናንባ በሬዎቹ ክብ ሲዞሩ ታያለች። በሬዎቹ ከነጋ ጀምሮ ሲሄዱ ውለው ከተነሡበት አልራቁም። የሷም ሐሳብ እንደነሱው ነበር።

ሰዎቹን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ሁለት ሆነው ዳገቱን ይወጣሉ፤ አንደኛው ከፊት፣ ኮቱን ክንዱ ላይ አጥፎ፣ እያነከሰ፤ ሁለተኛው ከኋላ፣ ክላሽ በትከሻው። በዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ሆኖ ሲነዳ ከታየ፣ የፊተኛው ወይ ሌባ ነው ወይ የተማረ ነው።

"እስረኛ ይዞ መጣ አላምረው" አሉ አባቷ፣ በመዳፋቸው ፀሐይዋን ከልለው። አላምረው የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ ነው። "በግ ሰርቆ ይሆን?"

"አባዬ፣ እሱ ነው።"

"ማን እሱ?"

"ዓለምነው።"

አያ ላቀው መንሻቸውን ገለባው ውስጥ ተከሉት።

"የበግ ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር" አሉ።

መነሣት ነበረባት። ፊቷን መታጠብ፣ ሻሿን ማስተካከል፣ ቢያንስ ወደ ቤት ገብታ በሩን መዝጋት። አንዱንም አላደረገችም። ድካሙ የቁስሉ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጠይቃት፣ ቄሱ አሳዝናቸው ሲባርኳት፣ ሴቶቹ ዓይናቸውን ወደ ደረቷ ላለመላክ ሲታገሉ ሲታገሉ ልከውት ሲመልሱት፣ ይኼን ሁሉ ማየት ነው ያደከማት። አሁን ደግሞ እሱን ማየት። ልቧ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ መምታት ጀመረ፤ በዚህም ተናደደችበት።

* * *

የተዋወቁት ግዴታ በነበረው የቅዳሜ የውይይት ክበብ ነው። ሰብሳቢው "ቁስ ይቀድማል ወይስ ሐሳብ?" ብሎ ሲጠይቅ አንድ የጤና ረዳት "ምሳ ይቀድማል" አለ፤ ከአዳራሹ ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ ሁለቱም ተገሠጹ። ከዚያ ወዲያ አብረው መገሠጽ ለመዱ። እሱ ከወንድማዊቷ አገር ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ፣ የታመመ ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም፤ እሷ ከደጋ ገበሬ ቤት በእግሯ ተመላልሳ የተማረች አስተማሪ። ክበቡ የመደብ ልዩነት ጠፍቷል ብሎ አስተምሯቸዋል። ይኼን ያልሰሙ አንድ ሰው ነበሩ፤ የዓለምነው እናት።

ወይዘሮ ሐረገወይን ጎንደርን እንደ ጓዳቸው ቆጥረው የኖሩ ሴት ናቸው። አብዮቱ አምስት ቤታቸውን ወረሰ፤ ቅንድባቸውን ግን መውረስ አልቻለም። ዛሬም ከፍ ሲያደርጉት ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ይነሣል።

እጢው ጡቷ ላይ የወጣ ጊዜ ዓለምነው አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ፣ ወረቀት ላይ እንቁላል የመሰለ ነገር እየሣለ አስረድቷት ነበር።

"እጢው ላይ አንድ ፕሮቲን ይኖራል፣ ወይም አይኖርም። እንደ ጆሮ ቁጠሪው። የሴት ሰውነት ሆርሞን የሚባል መልእክት ይልካል፤ ጆሮ ያለው እጢ እሱን እየሰማ ነው የሚያድገው። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጆሮውን የሚደፍንም ክኒን አለ። ጆሮ የሌለው ግን ማንንም አይሰማም። ይሮጣል። ክኒኑም አያቆመውም።"

"እንደ ቀበሌያችን ሊቀ መንበር" አለችው።

ሳቀ። እሷም ሳቀች። በዚያ ሳቅ ውስጥ ፍርሃታቸውን አንዱ ከሌላው የደበቁ መሰላቸው።

ጆሮ መኖር አለመኖሩን የሚመረምር መሣሪያ ጎንደር የለም። ከእጢው አስቀድማ ለምርመራ የተቆረጠችው ቁራጭ እሱ የተማረበት አገር መሄድ ነበረባት፤ ከበረዶ ከወጣች ደግሞ ፕሮቲኑ ይጠፋል። ወደ አገሩ ለዕረፍት የሚመለስ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ይዟት ሊሄድ እሺ አለ። እሱ እስኪነሣ ድረስ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ዓለምነው ወደ ሆቴሉ እየሮጠ በረዶ ይለምን ነበር። የሆቴሉ ሰዎች ዶክተሩ ውስኪ ጀመረ ብለው አሙት። የቤተ ሙከራውን ፍሪጅ ከፍቶ አውራ ጣት የምታህለውን ብልቃጥ ያሳያት ዕለት፣ የመጀመሪያ ልጁን የሚያሳይ አባት ይመስል ነበር።

አያ ላቀው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበራቸው። በአገሩ ልማድ ከሰው የተቆረጠ አካል በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይቀበራል፤ በትንሣኤ ቀን አካል አካሉን ሲፈልግ እንዳይንከራተት። ሆስፒታሉም የልጃቸውን ጡት ጠቅልሎ ሰጣቸው። ተቀብለው በሁለት እጃቸው እንደ ታቦት ይዘው፣

"ሙሉ ነው ልጄ? ምንም አልቀረ?" አሏት።

"ሙሉ ነው" አለቻቸው፣ ብልቃጧን እያሰበች።

ወይዘሮ ሐረገወይን በዚያው ዕለት ከሰዓት አጥሚት በቴርሞስ ይዘው መጡ። እታገኘሁ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የተኛች መሰላቸው።

"ስማኝ ዓለምነው" አሉ፣ ቴርሞሱን ለተቀበላቸው ልጃቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የጀርመኑ መልስ ሳይመጣ ሽማግሌ የሚባል ነገር እንዳታነሣብኝ። ሰው ለስንት ዓመት እንደሚያገባ ዐውቆ ያገባል።"

እታገኘሁ ዓይኗን እንደ ጨፈነች ጠበቀች። "ተዪ እማዬ" እስኪል ጠበቀች። እስኪቆጣ፣ ተቆጥቶም እስኪወጣ ጠበቀች። የሰማችው የቴርሞሱ ክዳን ሲዞር ብቻ ነው። ዞረ፣ ዞረ፣ ገጠመ። ከገጠመም በኋላ ጠበቀች።

ሲነጋ ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ ቤተ ሙከራው ሄደች። ዘበኛው የዶክተሩ እጮኛ መሆኗን ስለሚያውቅ እጅ ነሥቶ አሳለፋት። ብልቃጧን አወጣች። ከበር ላይ ለሚጠብቋት አባቷ ስታቀብላቸው በረዶው ጣቷን ያቃጥላት ነበር።

"ይቺ ቀርታ ነበር አባዬ" አለች። አብራቸውም ሄደች፤ ብልቃጧም ከጡቷ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተቀበረች።

* * *

"እንደምን ዋላችሁ" አለ አላምረው፣ አውድማው ዳር ሲደርስ። "አያ ላቀው፣ ይኼን ሰው ያውቁታል?"

"ምነው? ምን አደረገ?"

"እኔስ ምን ዐውቄ! የይለፍ ወረቀቱ 'ለክትባት ዘመቻ' ይላል። ክትባቱስ? ስለው 'አልያዝሁም'። ቦርሳውን ብፈትሽ ክኒን። ለማን ነው? 'ለእጮኛዬ'። እጮኛህ እየጠበቀችህ ነው? 'አይመስለኝም'። ይኼ ሰው ሰላይ ቢሆን እንኳ ጥሩ ሰላይ አይደለም ብዬ ላስመሰክር አመጣሁት።"

ዓለምነው ዓይኑን ከእታገኘሁ ላይ አላነሣም። ከስቷል። ጢሙ አድጓል። ጫማው የከተማ ጫማ ነው፤ ከኬላው ጀምሮ በእግሩ መምጣቱን ተረከዙ ይናገራል።

"ዐውቀዋለሁ" አሉ አያ ላቀው በመጨረሻ። "ሐኪም ነው።" ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ ለእንግዳ በሚሰጥ ቀዝቃዛ አክብሮት፣ "አንቱ ዶክተር፣ መቃብር ሊቆፍሩ መጡ?" አሉት።

"አይደለም አያ ላቀው። ቢቆፈርም አይረባም። የምፈልገው ነገር ከበረዶው በወጣ ቀን ጠፍቷል።"

"ምን ነበር እሱ?"

ዓለምነው ነገራቸው። ሰሚ ስለሆነው እጢ፣ ስለማይሰማው፣ ስለሚያዘግመው፣ ስለሚሮጠው። አያ ላቀው በመንሻቸው ተደግፈው አንዲት ቃል ሳያቋርጡ አዳመጡ።

"እንደ ልጅ ነዋ" አሉ። "የሚሰማው ይመከራል። የማይሰማውስ?"

"ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። በመርፌ የሚሰጥ፣ ሰውነት የሚያቃጥል፤ እሱንም አዲስ አበባ ካገኘን ነው። የትኛው እንደሆነ ያቺ ቁራጭ ትነግረን ነበር።"

አያ ላቀው የመንሹን እጀታ ጨበጡ። ዞረው ልጃቸውን አዩ። ያን ጊዜ ነው እታገኘሁ የአባቷን ፊት ያየችው። ለነፍሷ ያደረጉት ነገር ለሥጋዋ ምን እንደነበር አሁን ገባቸው፤ ሽማግሌው ባንዴ ዐሥር ዓመት ጨመሩ።

"አንቺ ይኼን ታውቂ ነበር?"

"ዐውቅ ነበር አባዬ። እርስዎ አላወቁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"በሬዎቹ ገብሴን በሉት" አሉ አያ ላቀው በሻከረ ድምፅ። በሬዎቹ አፋቸው ታስሮ ነበር። "አላምረው፣ ና እስቲ ወዲህ፣ አግዘኝ።"

* * *

ሁለቱ ከክምሩ ሥር ቀሩ። አውድማው ላይ አላምረው ክላሹን እንዳነገተ "ሃ! ና በል!" እያለ በሬ ይነዳል።

"ምነው እታገኝ?" አላት። "ልትጠይቂኝ ትችዪ ነበር።"

"እናንተስ በላዬ ላይ ቆማችሁ ስትመክሩ፣ እኔን ልትጠይቀኝ ትችል ነበር።"

ኮቱን ከክንዱ ላይ አወረደ።

"ሰምተሻል።"

"የቴርሞሱ ክዳን ሳይቀር።"

"እናቴ..."

"እናትህን ተዋቸው። እሳቸው የልባቸውን ተናገሩ። ለልጃቸው ፈሩ፤ እኔም ልጅ ቢኖረኝ እፈራ ይሆናል። እኔ የምጠይቅህ ያንተን ዝምታ ነው። ምን እያሰብህ ነበር ክዳኑን ስትዘጋ?"

ገለባው ላይ ተቀመጠ።

"መንገድ ሙሉ አንድ መልስ ሳጠና መጣሁ" አለ። "ምርመራው ያስፈለገኝ ለመድኃኒቱ ነው፣ ለጋብቻው አይደለም ልልሽ ነበር። እውነት ነው። ግን ሙሉ አይደለም።" ጭድ አንሥቶ ሰበረው። "እናቴ ያን ስትል፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ እውነቷን ነው አልሁ። በሆዴ። እኔ የሰው ሥጋ በመስተዋት ላይ አይቼ ማን እንደሚሞት የማውቅ ሰው ነኝ፤ ባሎቻቸው ከማወቃቸው በፊት ዐውቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ 'ደኅና ናት?' ይሉኛል። እና ፈራሁ። አንቺን ማግባት አይደለም የፈራሁት፤ አንቺን መቅበር ነው።"

ልትቆጣ ተዘጋጅታ ነበር። ቁጣዋ ግን የሚቆምበት አላገኘም። ሰው ሁሉ "አይዞሽ" ሲላት ሰንብቷል፤ ቄሱ፣ ነርሷ፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር በማኅተም ሳይቀር። "ፈራሁ" ያላት ይኼ የመጀመሪያው ሰው ነው። ደረቷ ውስጥ፣ ከስፌቱ በታች፣ የሆነ ነገር ላላ።

"እኔስ ያልፈራሁ መሰለህ?" አለች። "ያቺን ብልቃጥ ያወጣኋት ለብቀላ ብቻ አይደለም። እናቴ በዚሁ ነው የሞተች። የሚሮጥ ነው፣ የሚያዘግም ነው ያላት ሰው አልነበረም። 'ለፋሲካ እድናለሁ' ትል ነበር። አልዳነችም። ግን ሁዳዴን ሙሉ ቀሚስ ስትጠልፍ ከረመች፤ ደስ ብሏት። እኔ ያን ቀሚስ ነው የፈለግሁ። ዕድሜዬን የሚለካልኝ ሰው ሳይመጣ።"

ነፋስ እብቁን አንሥቶ ፀጉሩ ላይ በተነው።

"ጥፋት ነው የሠራሁ?" አለችው።

"ጥፋት ነው።" አላባበላትም። "ዕድሜሽን የሚያረዝመውን መንገድ የሚያሳየንን ነገር ነው የቀበርሽው። እንደ ሐኪም እስክሞት አልቀበለውም።"

"እንደ ዓለምነውስ?"

"እንደ ዓለምነው ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። እጁን ዘረጋና መሐል ላይ አቆመው፤ የት መንካት እንደሚቻል የማያውቅ ሰው እጅ ነበር፤ ይኼን ሁሉ ሰውነት ያጠና ሰው። እሷ ወስዳ ትከሻዋ ላይ አኖረችው። በግራ በኩል። ከባድ ነበር፣ ሞቃትም ነበር።

"ክኒኑን አምጥቻለሁ" አላት ቆይቶ። "ጀርመናዊው ከመሄዱ በፊት ከራሱ የሰጠኝ ነው። እጢሽ ሰሚ ከሆነ ይይዘዋል። ደንቆሮ ከሆነ ግን ለምንም አይረባሽም። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ከጊዜ ጋር ነው። ትወስጃለሽ?"

"እወስዳለሁ።" እንባዋን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገች። አሁን አስተማሪዋ ተመለሰች፤ ድምፅዋ ከኋላ ረድፍ ያለ ተማሪ የሚሰማው ሆነ። "ግን አንተም ትወስዳለህ። እኔ ሳላውቅ እውጣለሁ፤ አንተም ሳታውቅ ታገባኛለህ። ቆይ የለም፣ መልስ ይምጣ የለም፣ ለስንት ዓመት የለም። ይኼ ካልሆነልህ፣ አልረግምህም፣ ክኒኑን ተውልኝና ከአላምረው ጋር ወደ ኬላህ ተመለስ።"

ዓለምነው ተነሣ። እብቁን ከሱሪው ላይ አራገፈ። ወደ አውድማው መራመድ ጀመረ።

"ወዴት ነው?"

"አባትሽ ጋ።"

"ብቻህን? ሽማግሌ ሳትይዝ? ዓለምነው፣ ዕብድ ነህ? ይኼ ጎንደር ከተማ አይደለም!"

አልሰማትም፤ ወይም ለመስማት ጉልበት አልነበረውም። አያ ላቀው ፊት ቆመና፣ ከምሥራቅ ጀርመን ያመጣው ዕውቀት ሁሉ ያላስተማረውን ነገር ለማለት አፉን ከፈተ።

"አያ ላቀው፣ ልጅዎን..."

"ዝም!" አሉ አያ ላቀው። "ምነው፣ ሰው ልጅ በገዛ አፉ ይለምናል? ሽማግሌዎ የት አሉ?"

አላምረው በሬዎቹን አቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ አለሁ" አለ።

"አንተ? አሥረኸው አይደል የመጣህ?"

"አሥሬም ቢሆን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከኬላው ድረስ ስለሷ ሲያወራኝ ነው የመጣ፤ ጆሮዬን በሳው፤ ከዚህ በላይ የሚያውቀው ሽማግሌ የለም።"

"ሽማግሌ ከሁለት አያንስም።"

"እኔና ክላሹስ?" አለ አላምረው።

አያ ላቀው ሊስቁ ነበር። ዋጡት። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ የልጅቱ አባት "ተቀመጡ" ካለ ነገሩ ተሰምቷል፣ ካላለ ግን እንደ ቆሙ መሄድ ነው። ስለዚህ አላምረው ክላሹን ከትከሻው አውርዶ እንደ ምርኩዝ ተደገፈው፤ ዓለምነው ከጎኑ ቆመ፤ ፀሐይ ከፊት ለፊት ታቃጥላቸዋለች። አያ ላቀው ግን አልቸኮሉም።

"ልጄ ነገ ብትሞትስ?" አሉ።

ከክምሩ ሥር እታገኘሁ ትንፋሿን ያዘች። ይኼን ቃል በዚህ ቤት እስከ ዛሬ ማንም አላወጣውም ነበር።

"ነገ ከሞተች ነገ እቀብራታለሁ" አለ ዓለምነው። "ከእናቷ አጠገብ። ዛሬ ግን ላግባት።"

አያ ላቀው ወደ መሬት አዩ። በዚያ አገር ሴት ልጅ በጋብቻዋ አትጠየቅም፤ አባት ይናገራል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ አለቀ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ከገለባው ክምር ሥር ያለችውን ልጃቸውን ተመለከቱ። ያዩት ደረቷን አልነበረም። ፊቷን ነበር።

"አንቺስ ልጄ?"

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ አንዴ፣ በትንሹ፣ ስፌቱ እንዳይጎተት ተጠንቅቃ።

"እህ" አሉ አያ ላቀው። ወይዘሮ ሐረገወይን ገና አልሰሙም፤ ሲሰሙ ያ ቅንድብ የት ድረስ እንደሚወጣ እግዜር ይወቅ። ክኒኑ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም። አባትዬው ይኼን ሁሉ እንደ እህል በዓይናቸው የሰፈሩ መሰሉ። ከዚያ መንሻቸውን አስተኙና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቱ"ን ትተው፣

"ተቀመጥ" አሉት። "እግርህ አልቋል።"

ዓለምነው ተመልሶ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አልተቃቀፉም፤ ሰው አለ። ትከሻው ትከሻዋን ነካ፤ ይኸው ነው። ፍርሃቷ አልሄደም፤ እዚያው ነበር፣ በመካከላቸው እንደ ሦስተኛ እንግዳ ተቀምጦ። ግን ከብዙ ሳምንት በኋላ ዛሬ ድካሟ የሰው ድካም መሰላት፤ ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ዓይነት።